የሃይኪንግ ክለብ ዓመታዊ አዳር፦ ቀን ከመቁረጥ እስከ ሂሳብ መዝጋት

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የእግር ጉዞ ክለብ ኑሮው እሁድ ጠዋት ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ይነቃል፣ አውቶቡስ ላይ ይተኛል፣ ተራራ ይወጣል፣ ማታ ጦር ኃይሎች ወይም ሜክሲኮ ላይ ይበተናል። ፈጣኖቹ ከፊት ከፈጣኖቹ ጋር ይሄዳሉ። ዘገምተኞቹ ከኋላ አብረው ያዘግማሉ። ዓመት ሙሉ አብሮን የተጓዘ ሰው ስሙ የማይታወቅበት ጊዜ አለ። «ያ ሰማያዊ ጃኬት የሚለብሰው» እየተባለ ይኖራል።

ዓመታዊው አዳር የሚዘጋጀው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንስማማ። ይህ ቅዳሜና እሁድ ተራራ የሚወጣበት አይደለም፣ ተቀምጦ የሚጫወቱበት ነው። መንገዱ አጭር ይሁን፣ ምሽቱ ይርዘም። ከታች ያለው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ለምሳሌ እንዲመቸን 40 ሰው ይመጣል፣ ቦታው መናገሻ ሱባ ነው ብለን እንያዝ።

1. ቀኑን ቁረጡ

ከባዱ ሥራ ይሄ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ አይሆንም፤ ጫካ ውስጥ ያለው መንገድ ጭቃ ነው፣ ድንኳን የሚተከልበት ሳርም ውሃ ቋጥሯል። ጥሩው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ መሬቱ ይደርቃል፣ ልምላሜውም ገና አልጠፋም።

ችግሩ የቀን መቁጠሪያው ጠባብ መሆኑ ነው። ጾመ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው። የፈቃድ ጾም ስለሆነ ሁሉም አይጾመውም፤ የሚጾመው ግን ጥቂት አይደለም። ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል። መሃል ላይ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ የሚገኘው አንድ ወይ ሁለት ቅዳሜ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን እሁድ ላይ ይውላል። ያን ቀን አባላቶቻችሁን የምታገኟቸው ቲሸርት ለብሰው ሩጫው ላይ ነው።

ምክሬ፦ ሁሉንም የሚያስማማ ቀን አትፈልጉ፣ የለም። የጥቅምት መጨረሻ ወይም የኅዳር መጀመሪያ ላይ አንድ ቅዳሜ ቁረጡ፤ ምግቡን ግን ገና ሲታቀድ የጾምና የፍስክ ብላችሁ ለሁለት ክፈሉት። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውም፣ ጽጌን የሚጾመውም አንድ እሳት ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከሁለት ቅዳሜ የምትመርጡ ከሆነ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበትን ያዙ። ምሽቱ ሌላ ይሆናል።

ቀኑን ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ ይወስን። ቴሌግራም ላይ ድምፅ አታሰጡ። ሁለት ቀን ካቀረባችሁ አባላት ሦስተኛ ቀን ያመጣሉ፣ ክርክሩም እስከ ጥምቀት ይቀጥላል። ቀኑ ከሁለት ወር በፊት ይነገር። የማይመቸው ሰው ሁልጊዜ ይኖራል፤ ከርሞ ይመጣል።

2. ቦታውን ምረጡ፣ ሄዳችሁም እዩት

እንጦጦ ቅርብ ነው። ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ አለው፣ አየሩም ደስ ይላል። ለአዳር ግን አልመርጠውም፤ ምክንያቱም ለቤት በጣም ይቀርባል። የቤቱን መብራት ከላይ እያየ ያለ ሰው ምሽት 2 ሰዓት ላይ «ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው» ብሎ ይወርዳል። እሱን አይቶ ሌላው ይነሳል። ዝቋላ ውብ ተራራ ነው፣ 2,989 ሜትር፣ አናቱ ላይ ሐይቅ ያለበት። ግን ገዳም ነው። ለጸሎት የሚኬድበት ቦታ ላይ ጭፈራና ቢራ ይዞ መሄድ አይገባም። ወንጪ ደግሞ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ቅዳሜያችሁን አውቶቡስ ውስጥ ትጨርሳላችሁ።

መናገሻ ሱባ ከሁሉም ይሻላል። ከከተማው በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ደን ነው። ሩቅ አይደለም፣ ማታ ተነስቶ ወደ ቤት ለመሄድ ግን አይመችም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የተራራው ጫፍ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ደኑ ውስጥ ትልልቅ የጽድ ዛፎች አሉ፤ ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያ በላይ አስታ። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ይታያል፣ ድኩላም ጠዋት ጠዋት ያጋጥማል። ልጆች ይዞ ለሚመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ መዝናኛ የለም።

ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱና ስንት ሰው እንደምትሆኑ፣ የት እንደምታድሩ፣ እሳት ማንደድ የሚፈቀደው የት እንደሆነ ጠይቁ። መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ በዚያው ይጣራ፤ ሲከፈልም ደረሰኝ ይያዝ።

ከዚያ ሁለት ሰው አስቀድሞ ይሂድ። ይህን ደረጃ መዝለል የለም። የሚያዩት ነገር ውበቱን አይደለም። መጸዳጃ ቤቱ ስንት ሰው ይችላል? ውሃ አለ? ሜዳው ስንት ድንኳን ይይዛል? ከአስፋልቱ ከተወጣ በኋላ ያለውን መንገድ አውቶቡስ ይችለዋል? ስልክ የሚሠራው የት ላይ ነው? መንገዱንም ሰዓት ይዘው ይሂዱበት።

ጸጥታውን በተመለከተ ቀጥታ ልናገር። ከከተማ ስትወጡ የመንገዱን ሁኔታ ከዚያው አካባቢ ሰው ጠይቁ እንጂ ከፌስቡክ አትስሙ። ከሳምንት በፊት አንዴ፣ ዓርብ ማታ አንዴ፣ ቅዳሜ ከመነሳታችሁ በፊት አንዴ ለደኑ ጽሕፈት ቤትና ለአስጎብኚው ይደወል። «ዛሬ ባትመጡ ይሻላል» ከተባለ አይኬድም። በጉ ተገዝቶም ቢሆን።

3. ሥራ ክፈሉ

አምስት ሰው ይበቃል። አስተባባሪ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የምግብ ኃላፊ፣ የመንገድ መሪ፣ የምሽት መርሐ ግብር ኃላፊ። ኮሚቴው አስር ሰው ከሆነ ሥራው የማንም አይሆንም።

ከአምስቱ አንዱ ወይም አንዷ ኦሮምኛ የሚናገር ቢሆን እጅግ ጥሩ ነው። የደኑ ጥበቃዎችም፣ በግ የሚሸጡላችሁ ገበሬዎችም ቋንቋቸው ነው። ሌሎቻችሁም ቢያንስ «አካም ጅርቱ» እና «ገለቶማ» ብላችሁ ሰላምታና ምስጋና አቅርቡ። አርባ ሰው ሆኖ ሰው ቀዬ ገብቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

4. መዋጮውን አስሉ

ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰው ቢመጣም ባይመጣም የማይለወጥ ነው፦ አውቶቡስ፣ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በግ። ሁለተኛው በሰው ቁጥር የሚበዛ ነው፦ እንጀራ፣ ውሃ፣ መግቢያ፣ ለስላሳ።

የማይለወጠውን ለ40 አታካፍሉት። «እመጣለሁ» ካለው ሰው የተወሰነው አይመጣም፤ ይህ የታወቀ ነው። ለ30 አካፍሉት። ሁለተኛውን በነፍስ ወከፍ ጨምሩበት። ሁሉም ከመጣ ትርፉ ለክለቡ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ይሆናል። ካልመጣም ገንዘብ ያዡ ከኪሱ አይሞላም።

የሚመዘገበው የከፈለ ብቻ ነው። «ስሜን ያዙልኝ» የሚባል ነገር የለም። ቴሌብር ላይ ይላክ፣ የላከበት ማስረጃ ለገንዘብ ያዡ ይድረስ። ጉዞው አንድ ሳምንት እስኪቀረው፣ እስከዚያው ቅዳሜ ድረስ እንደማይመጣ ያሳወቀ ሰው ብሩ ይመለስለት፤ ከዚያ በኋላ ግን ምትክ ካመጣ ብቻ። ይህ ሕግ ከምዝገባው ጋር አብሮ ይጻፍ። በኋላ ላይ ሲነገር ጠብ ያመጣል።

ልጆች ግማሽ ይክፈሉ። የገንዘብ አቅም ያነሰው አባል ካለ አስተባባሪው በጓዳ ያናግረው፣ ክለቡ ይሸፍን። ቡድኑ ውስጥ «አቅም የሌላችሁ አሳውቁን» ብሎ መጻፍ ማንንም አይረዳም፤ ማንም አያሳውቅም።

5. መጓጓዣ

ለ40 ሰው አንድ መለስተኛ አውቶቡስ አይበቃም፤ ጓዙ ብቻ ግማሹን ይይዛል። አንድ አውቶቡስና ድስት፣ ድንኳን፣ እንጨት የሚጭን አንድ ፒካፕ ያዙ። ፒካፑ ሌላም ሥራ አለው። ሌሊቱን ፊቱን ወደ መውጫው አዙሮ ይቆማል፣ ቁልፉም የት እንዳለ ሁለት ሰው ያውቃል። ሰው ቢታመም ወደ ሰበታ የሚሮጠው እሱ ነው። የእሱ ሹፌር አይጠጣም።

የአውቶቡሱን ሹፌር አትርሱ። አበሉ፣ እራቱ፣ የሚተኛበት ቦታና ብርድ ልብሱ አስቀድሞ ይታሰብ። ብዙ ክለብ ሹፌሩን መኪናው ውስጥ እንዲያድር ይተወዋል። ከዚያ እሁድ በእንቅልፍ ዓይኑ እንዲነዳላቸው ይፈልጋሉ።

መነሻው ጠዋት 2 ሰዓት ይሁን። ይህ የዘወትር ጉዞ አይደለም፤ ሌሊት መንቃት አያስፈልግም። ሰው እንዲደርስ ብሎ «1 ሰዓት» ማለት ግን ይቅር። በሰዓቱ የመጣውን ሰው ነው የምትቀጡት። ሰዓቱ 2 ከተባለ 2 ላይ ይነሳ። ፒካፑ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ አርፋጆቹን እየለቀመ ይከተል። ከዚያ በኋላ የደረሰ በራሱ ይምጣ።

6. ምን ይያዝ

የጓዝ ዝርዝር ረጅም ሲሆን ማንም አያነበውም። አጭሩ ይሄው፦ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም የመኝታ ከረጢት፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ነገር፣ ጋቢ፣ ኮፍያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሁለት ሊትር ውሃ የሚይዝ ዕቃ፣ የራስ ሰሃንና ኩባያ፣ የመጸዳጃ ወረቀት። በሶ የማይይዝ ሃይከር መቼም የለም።

ስለ ብርዱ ግን አጥብቃችሁ ንገሩ። በየመቶ ሜትር ከፍታው ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። የጥቅምት ሌሊት አዲስ አበባ ውስጥ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደኑ ውስጥ ይብሳል፤ ሰማይ የጠራ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ብርዱ የሚመጣው በአብዛኛው ከመሬት ነው። አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ከላይ ከመደረብ ከታች ማንጠፍ ይሻላል። ለማያምኑ ወጣቶች መለዋወጫ ጋቢ ይያዝላቸው።

7. የቅዳሜው መንገድ

ደርሳችሁ ድንኳን ተክላችሁ ቡና ጠጥታችሁ 5 ሰዓት ይሆናል። ጫፍ የመውጣት ሐሳብ አታምጡ። ወጨጫን ጫፉ ድረስ መውጣት ራሱን የቻለ የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ ሌሎቹ አሥራ አንድ ወራት ለዚያ አሉ።

ሁለት መንገድ አዘጋጁ። አጭሩ ለልጆች፣ ለወላጆችና ጉልበታቸው ለደከመ ነባር አባላት፦ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሜዳማ፣ ዛፎቹን እያዩ የሚሄዱበት። ሁለተኛው ለሌላው ሁሉ። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተው ምሳ ይበላሉ። መገናኘቱ ዋና ነገር ነው፤ ካልተገናኙ ሁለት የተለያየ ሽርሽር ነው የሆነው።

ሰዓት ለመገመት ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት አሁንም ይሠራል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት አንድ ሰዓት ተጨማሪ። 8 ኪሎ ሜትርና 450 ሜትር ዳገት ቢሆን፣ አንድ ሰዓት ከ36 ደቂቃ ሲደመር 45 ደቂቃ፣ በድምሩ ሁለት ሰዓት ከ21 ደቂቃ። ይህ ግን ሳያርፍ ለሚሄድ ጠንካራ ሰው ነው። እኛ ፎቶ እንነሳለን። ግማሹን ጨምሩበት፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ያዙ። ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፣ ዛፍ ሥር ደግሞ ቀድሞ ይጨልማል። ስለዚህ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሰፈር ይመለስ።

ከፊት አስጎብኚውና መሪው፣ ከኋላ ደጀን። ደጀኑን ማንም አይቀድመውም ማለት አይደለም፤ ማንም ከእሱ ኋላ አይቀርም ማለት ነው። ለደጀንነት ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ምረጡ። ከኋላ የሚሄድ ሰው እንደቀረ እንዳይሰማው የሚያደርገው እሱ ነው። በየመታጠፊያው ሰው ይቆጠር።

ከቆላ ወይም ከውጭ አገር በዚያው ሳምንት የመጣ እንግዳ ካለ ወደ አጭሩ መንገድ ላኩት። አዲስ አበባ ራሷ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ራስ ምታቱ ከዚያ ይጀምራል። «እኔ ጂም እሠራለሁ» ቢልም።

ገመድና ቋጠሮ የሚያውቅ አባል ካላችሁ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ልጆቹን የስምንት ቁጥር ቋጠሮ ያስተምራቸው። ድንጋይ ላይ መውጣት ግን የሠለጠነ ሰውና የተመረመረ ዕቃ ካልኖረ አይሞከር።

8. ምግብ

መጀመሪያ ምግብ አብሳይ ቅጠሩ። ይህን እንደ ቅንጦት የሚያይ አለ። ካልቀጠራችሁ ግን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሴት አባላት ድስቱ ጋ ይቀራሉ፣ ወንዶቹ እሳት ዙሪያ ያወራሉ። እነሱም የከፈሉት እንደሌላው ነው። ሽንኩርት መክተፍ፣ ውሃ መቅዳትና ዕቃ ማጠብ በዕጣ ይሁን፣ ዕጣው ጾታ አይለይ። ቡናውንም ወንዶች ያፍሉ። መጥፎ ቢሆንም ይጠጣል፣ ጨዋታም ይሆናል።

በጉ ከአካባቢው ይገዛ። ዋጋው ስለሚረክስ ብቻ አይደለም፤ ቀዬው ከእናንተ መምጣት የሆነ ነገር ማግኘት አለበት። ለ40 ሰው፣ የጾም ምግቡ በደንብ ከተዘጋጀ፣ ሁለት መካከለኛ በግ ይበቃል። ሙስሊም አባላት ካሉ አንዱን በግ ሙስሊም አባል ይረደው፣ ድስቱም ለብቻው ይሁን። ይህ አስቀድሞ ይነገራቸው። ሰው ተጠራጥሮ ዳቦ እየበላ እንዳያድር።

የጾሙ ድስት እንደ ተጨማሪ ነገር አይታይ። ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ስልጆ፣ ቃሪያ ስንግ፤ ይህ ራሱ ድግስ ነው። የጾሙን ጭልፋ በቀይ ክር እሰሩት። ማታ በጨለማ ጭልፋ ይሳሳታል፣ ቅቤ የነካው ጭልፋ ሽሮው ውስጥ ሲገባ የጾመው ሰው እራቱ ቀረ ማለት ነው።

ምስርና ባቄላ ዓይነት ነገር ከቤት ተቀቅሎ ይምጣ። ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ 2,400 ሜትር ላይ 92 ገደማ። ስለዚህ ጥራጥሬና አጥንት ያለው ሥጋ ለመብሰል ከለመዳችሁት በላይ ይቆያል። ቅቅል ካሰባችሁ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ይጣድ። ጥብስ ግን ፈጣን ነው።

እንጀራ ለእራት በሰው ሁለት አስቡ፣ ለእሁድ ፍርፍር አሥራ አምስት ያህል ጨምሩ። ቅዳሜ ጠዋት የተጋገረ ይሁን። ጥሬ ቡና አንድ ኪሎ ይበቃል። አንድ ድፎ ዳቦ የግድ ነው፤ እሱን የሚቆርሰው የክለቡ አንጋፋ ነው። ጋሼ ወይም እትዬ የሚባል አባል ከሌላችሁ ክለባችሁ ገና ልጅ ነው።

ማገዶ ከደኑ አይለቀም። የወደቀ እንጨት እንኳን ይሁን፣ አርባ ሰው ሲለቅም ሌላ ነገር ነው። የባሕር ዛፍ እንጨት ከመንደሩ ግዙ፣ ለድስቱ ከሰል ያዙ።

9. ምሽቱ

ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ሰውን ለማቀላቀል «ሁላችሁም በየተራ ራሳችሁን አስተዋውቁ» አትበሉ። አርባ ሰው ስሙንና ሥራውን ሲናገር እሳቱ ይጠፋል። ለእኛ የሚሆን የተሻለ ዘዴ ትሪ ነው። አንድ ትሪ ላይ አምስት ስድስት ሰው ይቀመጣል። አብሮ የበላ ሰው ስም ይጠያየቃል፤ ጉርሻም አለ። ስለዚህ ትሪውን በዕጣ አድርጉት። ስምንት የተራራ ስም፣ እያንዳንዱን አምስት ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ራስ ዳሸን፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጉና፣ ጭላሎ፣ አቡነ ዮሴፍ፣ ዝቋላ፣ የረር፣ ወጨጫ። ሰው ሲገባ ዕጣ ያወጣል፣ ተራራው ጋ ይቀመጣል። የሚጾሙት የሚበሉባቸው ትሪዎች ለብቻ ይሁኑ፤ በእነዚያም ውስጥ ዕጣ ይውጣ። ባልና ሚስት በአንድ ተራራ ከወጡ አንዱ ይቀይር። ዓመቱን ሙሉ አብረው ይበላሉ።

ከእራት በኋላ እያንዳንዱ ትሪ ስለ ተራራው አንድ ጥያቄ ይጠየቅ። ራስ ዳሸን ስንት ሜትር ነው? (4,550።) ቱሉ ዲምቱ የት ነው? (ባሌ፣ 4,377 ሜትር።) ዝቋላ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚነገሠው መቼ ነው? (ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5።) የስሜን ተራሮች ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መቼ ነው? (እ.ኤ.አ. 1978።) አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ በቃ። ውድድር ሲረዝም የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ይቀራሉ።

ቀጥሎ ሽልማት። በፍጥነት ማንንም አትሸልሙ፤ ፈጣኑ ዓመቱን ሙሉ ሲያሸንፈን ነው የከረመው። የዓመቱ አርፋጅ፣ የዓመቱ በሶ በጥባጭ፣ «ደርሰናል፣ ትንሽ ነው የቀረን» እያለ ሰውን ያታለለ፣ የሁሉንም ቦርሳ የተሸከመ። ሽልማቱ የሚያስቅ ይሁን፦ የማንቂያ ሰዓት፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ከዘራ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ቀልዱ ለሚቀለድበት ሰው ቀድሞ ይነገረው። አዲስ አባል ላይ አይቀለድ። ስለ ሰው ሰውነት ጨርሶ አይቀለድ።

ከዚያ መርሐ ግብሩን ልቀቁት። ክራር የሚጫወት ካለ ይጫወት። ልጆቹ እንቆቅልሽ ይጀምሩ፤ «ምን አውቅልህ» ሲባል ትልልቆቹም ይገባሉ፣ ያቃተውም አገር እየሰጠ ይሄዳል። ትልቅ ስፒከር አታምጡ። የደኑን እንስሳት ማስጨነቁ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ደግሞ ስፒከር ባለበት ወሬ የለም። እስክስታ የሚፈልግ በጭብጨባ ይጨፍራል፣ ይበልጥም ያምራል።

የክለቡን ምርጫና የሂሳብ ሪፖርት ማታ አታምጡት። እሳት ዙሪያ ኦዲት የሚሰማ ጆሮ የለም፤ ምሽቱን የዕድር ስብሰባ ያደርገዋል።

መጠጥ በልክ። ቢራውም ጠጁም ከመንገድ በኋላ ነው። ብርድ ላይ አልኮል የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ እንዲያጣ ያደርጋል። እየጠጣ ከእሳቱ ርቆ ሜዳ ላይ የተኛ ሰው ካለ ቀስቅሳችሁ ድንኳን አስገቡት።

10. ሌሊቱ

5 ሰዓት ላይ ድምፅ ይቀንሳል። መጫወት የሚፈልግ እሳቱ ጋ ይቆይ፣ ድንኳኖቹ ግን ከእሳቱ ራቅ ብለው ይተከሉ። ልጅ ያላቸው ዳር ላይ ይሁኑ።

ጅብ ይጮኻል። ለከተማ ልጅ ያስፈራል፣ ግን ሰው የበዛበትና እሳት ያለበት ሰፈር ብዙ ጊዜ አይደፍርም። የሚስበው ሥጋ ነው። የተረፈ ሥጋ፣ አጥንትና ቆዳ ፒካፑ ውስጥ ተቆልፎ ይደር። ድንኳን ውስጥ ምግብ አይቀመጥ፤ ጅብ ባይመጣ ጦጣና ዝንጀሮ ንጋት ላይ ይመጣሉ። ሽንት ቤት የሚሄድ ባትሪ ይዞ፣ ሁለት ሆኖ ይሂድ።

መጸዳጃው ካልበቃ ጉድጓድ ይቆፈር። ከወንዝና ከምንጭ ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ፣ ለሴትና ለወንድ ይለይ፣ በሸራ ይከለል፣ አካፋው አጠገቡ ይቀመጥ። መንገዱ ላይ በየአምስት ሜትሩ ነጭ ጨርቅ እሰሩ፣ በጨለማ ይጠቅማል። ስለዚህ ጉዳይ ማውራት የሚያፍር ኮሚቴ በተለይ ሴቶቹን ያሳቅቃል። ውሃ የማይጠጡት ለምን ይመስላችኋል?

11. እሁድ

ቅዳሴ የሚሄድ ሰው ይኖራል። ለእነሱ መኪና ማን እንደሚነዳ ቅዳሜ ይወሰን። ሌላው እንደልቡ ይንቃ። ቁርስ ፍርፍርና ሻይ ነው፤ ለጾመኛው ቅቤ የሌለው።

4 ሰዓት ላይ ሁሉም ሲሰበሰብ የግማሽ ሰዓት ስብሰባ። ሂሳብ፣ የሚመጣው ዓመት መንገዶች፣ ምርጫ ካለ ምርጫ። ሪፖርቱ በአንድ ገጽ ይሁን፣ ታትሞ ይታደል። ከዚያ የፈለገ ወፍ ለማየት አጭር ይሂድ፤ የቀረው ድንኳን ይንቀል።

ቆሻሻውን ሁሉ ይዛችሁ ውጡ፤ የሲጋራ ቁራጭ ሳይቀር። አርባው ሰው በአንድ መስመር ቆሞ ሜዳውን ዳር እስከ ዳር ቢሄድበት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እሳቱ ላይ ውሃ ይፈስ፣ አመዱ በእጅ ይነካ፤ ከሞቀ ገና አልጠፋም። የጽድ ደን ውስጥ ያላችሁት በደረቅ ወራት መግቢያ ላይ ነው። ለጥበቃዎቹና ለአስጎብኚው የተረፈው ዳቦና ሥጋ ሳይሆን ተገቢው ክፍያ ይሰጥ። ከዚያ በላይ ቢጨመር የአባላቱ ደስታ ነው።

8 ሰዓት ላይ ተነሱ። 10 ሰዓት ካለፈ ከሰበታ እስከ አየር ጤና ያለው መጨናነቅ ሁለት ቀን የሠራችሁትን ስሜት ይበላዋል።

12. ከተመለሳችሁ በኋላ

ድንኳኖቹ ሰኞ ፀሐይ ላይ ይሰጡ። እርጥብ የተጠቀለለ ድንኳን በሳምንት ይሻግታል፤ የወሰደው ሰው ስሙ ይመዝገብ። ድስትና ትሪ ለባለቤቱ ታጥቦ ይመለስ።

ገንዘብ ያዡ እስከ ረቡዕ ድረስ ሂሳቡን ቡድኑ ላይ ይልቀቅ፦ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው፣ ደረሰኞቹ በፎቶ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ካለ ምን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። በግ የሸጠ ገበሬ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ሁለት ሰው ሲገዛ የነበረ መሆኑ ይበቃል። ፎቶ የሚለጥፉ ሰዎች የሌላ ሰው ልጅ ፎቶ ከመልቀቃቸው በፊት ወላጁን ይጠይቁ።

የጠፉ ዕቃዎች ዝርዝር መቼም ይኖራል። አንድ ጋቢ፣ ሁለት የማይመሳሰል ጫማ፣ ማንም የኔ ነው የማይለው ብርጭቆ። የምግብ ኃላፊው ቤት አንድ ወር ይቆዩና ባለቤት ካልመጣ ለሚመጣው ዓመት ሽልማት ይሁኑ።